የፈረንጅ ክረምት የቆዳ በጋ ነው

በሚኒሶታ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአንድ የጥር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሁላችሁም እጃችሁን ከኪሳችሁ አውጡና አይበሉባችሁን ተመልከቱ። አሁን ገልብጡትና የአውራ ጣታችሁን ጫፍ፣ ጥፍሩ ከሥጋው የሚገናኝበትን ጥግ እዩት። እዚያ ጥግ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ስንጥቅ ያለችበት ሰው እጁን ያንሣ። አየሁ፤ ከግማሽ በላይ ናችሁ። የእኔንም ጨምሩበት።

ይህች ስንጥቅ ለዓይን ምንም አትሞላም። ሽንኩርት የከተፈ፣ ሚጥሚጣ የነካ፣ ሎሚ የጨመቀ ሰው ግን ልኳን ያውቃል። ሸሚዝ መቆለፍ ትከለክላለች፣ ሕፃን ማጠብ ታስፈራለች፣ ጎርሶ ማጉረስን ሥቃይ ታደርጋለች። እንዲያም ሆኖ «እጄ ደርቆ ነው የመጣሁት» ብሎ ሐኪም ፊት የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ያፍራል። ወንዶቹ ደግሞ የባሰ ታፍራላችሁ። ቅባት የሴት ነው ብላችሁ መዳፋችሁ እንደ ግንድ ቅርፊት እስኪሆን ትጠብቃላችሁ። እኔ ነርስ ነኝ፤ በአገር ቤትም በዚህም አገር ብዙ እጅ አይቻለሁ፤ ዛሬ የማወራው ስለዚህ የማያሳፍር ነገር ነው።

ነገሩን ከቋንቋችን ልጀምር። እኛ ክረምት የምንለው ዝናቡን ነው፤ ሰኔ ግም ብሎ ገብቶ እስከ መስከረም የሚዘልቀውን፣ ጭቃውን፣ ጉሙን፣ ተሰጥቶ የማይደርቀውን ልብስ። እዚህ መጥተን ዊንተርን «ክረምት» ብለን ጠራነውና፣ ሳናውቀው ቆዳችንን አታለልነው። ለዓይን እውነትም ክረምት ይመስላል። ሰማዩ ጠቁሯል፣ በረዶው በየደጁ ተከምሯል፣ በረዶም ውኃ ነው። ለቆዳ ግን ይህ በጋ ነው፤ ያውም በአገራችን አይተነው የማናውቀው ዓይነት በጋ። እስቲ አስታውሱ፤ አገር ቤት ከንፈራችንና ተረከዛችን የሚነቃው መቼ ነበር? በሐምሌ ነው? በሐምሌ ከንፈሩ የነቃ ልጅ እኔ አላስታውስም። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ላይ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊት ውርጭ ሲጥል። ደብረ ብርሃን ያደጋችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የታኅሣሥ ጧቷ ፊት ያሳክካል። እናቶቻችን በዚያ ሰሞን ቫዝሊን ይዘው በር ላይ ይጠብቁን የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እዚህ ለምን ይብሳል? ይህን ለማስረዳት ጥቂት ቁጥር ልጠቀም፤ አትሰልቹ። ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ባዶ ሳጥን አስቡ። በውስጡ ያለው አየር 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ እስከ 17 ግራም ገደማ የውኃ ተን መሸከም ይችላል። 0 ዲግሪ ላይ 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ከዜሮ በታች 10 ላይ ደግሞ፣ ያ ለዚህ አገር የጥር ወር ብርቅ ያልሆነው ብርድ ላይ፣ ከ2 ግራም እምብዛም አይዘልም። ቀዝቃዛ አየር ሆዱ ትንሽ ነው። ትንሽ ቀምሶ ጠገብኩ ይላል። እንግዲህ ያን አየር በበርና በመስኮት ቀዳዳ ወደ ቤት አስገብታችሁ በሂተር ታሞቁታላችሁ። ሂተሩ ሙቀት ጨመረለት እንጂ አንዲት ጠብታ ውኃ አልጨመረለትም። አሁን የ17 ግራም ሆድ ያለው፣ የበላው ግን 2 ግራም ብቻ የሆነ አየር ሳሎናችሁ ውስጥ ቆሟል። መሸከም ከሚችለው 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የያዘው። ርኃብተኛ ነው። የጎደለውን ከየት ያመጣል? ከአበባው ማሰሮ ይጠጣል፣ ከእንጨቱ ወለል ይጠጣል፣ ከአፍንጫችሁ ይጠጣል፣ ቀን ከሌት ክፍት ሆኖ ከሚያገኘው ከእጃችሁም ይጠጣል። የበር እጀታ ስትነኩ ጣታችሁን ቆንጥጣ የምታስደነግጣችሁ ብልጭታ የዚህ ምስክር ናት፤ እርጥበት ባለው ቤት ውስጥ እንዲያ አትደፍርም።

አሁን ወደ ቆዳው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዛሬው ንግግር ፍሬው እዚህ ስለሆነ።

የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ የሞተ ነው። ሥሩ ያሉት ሕዋሶች ወደ ላይ እየተገፉ መጥተው ሞተው፣ ተጠፍጥፈው፣ እንደ ድንጋይ ካብ ተደራርበዋል። በድንጋዩ መካከል ያለው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው፤ ቆዳ ራሱ የሚሠራው ስብ። አይበሉባ ላይ ይህ ንጣፍ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ እጅ አይበልጥም፤ መዳፍ ላይ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። የሞተ ነው አልኩ እንጂ የማይረባ አይደለም። ውኃ ከውስጥ እንዳይወጣ፣ መርዝ ከውጭ እንዳይገባ የሚከለክለው እርሱ ነው። የሚተጣጠፈውም ውኃ በውስጡ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

እንጀራን አስቡ። ከምጣድ የወጣ እንጀራ ጠቅለል ብታደርጉት ይታዘዛል። ከመሶቡ ውጭ አሳድሩት፤ በማግሥቱ ጠርዙ ይነሣል፣ ሊጠቀለል ሲል ይሰበራል። ምን ጎደለው? ዘይት ነው? ዘይትማ ከመጀመሪያም አልነበረውም። የጎደለው ውኃ ነው። ድርቆሽ ላይ ዘይት ብታፈስሱበት የሚገኘው ዘይት የነካው ድርቆሽ ነው፤ አሁንም ቀጭ ይላል። ውኃ እርጭ አድርጉበት፤ ወዲያው ይለሰልሳል፣ ፍርፍር ይሆናል።

ይህን እናቶች ሁሉ ያውቁታል። የሚገርመው ግን የቆዳ ሳይንስ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ አልያዘውም ነበር። የደረቀ ቆዳ ስብ ያነሰው ቆዳ ነው፣ ስብ ስጡት ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ቦስተን ውስጥ ኧርቪን ብላንክ የሚባል ተመራማሪ ከሰው የተቀረፈ ደንዳና ቆዳ ወስዶ ልክ እንደ ድርቆሹ ፈተነው። አንዱን ዘይት ውስጥ ነከረው፤ እንደ ደረቀ ቀረ፣ ሲያጥፉት ተሰበረ። ሌላውን ውኃ ሰጠው፤ ለሰለሰ። ቆዳን የሚያለሰልሰው ውኃ እንጂ ቅባት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተጻፈ። አንዲት ጎበዝ የቤት እመቤት ቦስተን ውስጥ ብትኖር ኖሮ ድካሙን ታስቀርለት ነበር እላለሁ።

ታዲያ ቅባት ጥቅም የለውም ማለት ነው? አለው፤ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ግን ሥራው ሌላ ነው። ቅባት መሶብ ነው። ውስጥ ያለውን ውኃ ይከድናል እንጂ ውኃ አያመጣም። ባዶ ድስት ላይ ክዳን ብትገጥሙ ወጥ አይገኝም። አብዛኞቻችን ክረምቱን ሙሉ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ደርቆ የከረመ እጃችን ላይ ቅባት እንለቀልቅና «ይህ ቅባት አይሠራም» እንላለን።

ስሕተቱ የመጣው በከፊል ከቋንቋችን ይመስለኛል። ወዝ የምትል ውብ ቃል አለችን። «ፊቷ ወዝ አለው»፣ «እጁ ወዝ አጣ» እንላለን። ወዝ ላቡም ነው፣ ቅባቱም ነው፣ ውበቱም ነው፤ ሠራተኛውን ወዛደር ያሰኘችውም እርሷ ናት። አንዲት ቃል ውኃንና ቅባትን አንድ ላይ ስለጠቀለለች፣ ወዝ ጎደለ ሲባል ወደ ቅባቱ ቢልቃጥ እንሮጣለን። መዳፍን በተመለከተ ግን ቃሏ ታሳስተናለች። መዳፍ ላይ የቅባት ዕጢ የሚባል የለም፤ አንድም የለም። ያለው ላብ ብቻ ነው። ስለዚህ የመዳፍ ወዝ ውኃ ነው፤ በብርድ ላቡ ሲቀንስ መዳፍ ራሱን የሚያረጥብበት ሌላ ዘዴ የለውም። ሲታጠፍ የሚሰበረውም በሚታጠፍበት በኩል ነው፤ በጣት አንጓና በአውራ ጣት ጥግ። የላይኛው ንጣፍ ነርቭም ደም ሥርም የለውም። ስንጥቋ ጠልቃ ነርቭና ደም ወዳለበት ስትደርስ ነው የምታስጮኸን።

«በውኃ ነክሮ በቅባት መክደን» የሚለውን ትምህርት እኔ ያገኘሁት ከፈረንጅ መጽሐፍ አይደለም። በተማሪነቴ ወራት አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ በሚገኘው አለርት ውስጥ ነው። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሥጋ ደዌ የሚጎዳው ነርቭን ነው። ነርቩ ሲሞት እጅ ሕመም አይሰማውም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ላብ የሚያዘው ነርቭም አብሮ እንደሚሞት ነው። መዳፉ ላብ ያጣል፣ ይደርቃል፣ ይነቃል፤ የነቃው ስለማያመው ሰውየው ሥራውን ይቀጥላል፣ በስንጥቁ በኩል ቁስል ይገባል። ጣት የሚጠፋው በእንዲህ ዓይነት መንገድ ነው እንጂ ሕዝባችን እንደሚያስበው በሽታው ጣት በልቶ አይደለም። መድኃኒቱ በሽታውን ይፈውሳል፤ የሞተ ነርቭን ግን አይመልስም። ስለዚህ ሰዎቹ በየቀኑ የሚያደርጉት አንድ ሥርዓት አለ። እጃቸውን ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፣ ያወጡታል፣ ሳያደርቁት ቫዝሊን ወይም ዘይት ይቀቡታል። ያ ብቻ ነው። አንድ ጎድጓዳ ሣህን፣ ውኃና ትንሽ ቅባት። ሽበት የወረራቸው አንድ አባት በዚህ ሥርዓት ለዓመታት የጠበቁትን መዳፍ አሳይተውኝ ነበር፤ ከእኔ መዳፍ ይለሰልስ ነበር።

ይህን ሁሉ ተምሬ ወደዚህ መጣሁና ረሳሁት። የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ አረጋውያን በሚጦሩበት አንድ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ሕመምተኛ በነካሁ ቁጥር እታጠባለሁ፤ ሞቅ ባለ ውኃ፣ በሳሙና፣ በወረቀት ፎጣ ፈግፍጌ። በሁለተኛው ሳምንት አይበሉባዬ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። በሦስተኛው ደማ። እናቴ በሰው እጅ የላከችልኝ ቅቤ ነበረኝ፤ ለጋ ሳይሆን የተነጠረ፣ ኮረሪማው ኮሰረቱ የገባበት። አንድ ጧት እጄን አሸሁበትና ወደ ሥራ ሄድኩ። አንዲት የ90 ዓመት አዛውንት ወደ አልጋቸው ጠጋ ስል አፍንጫቸውን ከፍ አድርገው «ዛሬ ምሳው ምንድን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቅቤን ወደ ወጡ መልሼዋለሁ። ቅቤ ክፉ ቅባት ሆኖ አይደለም፤ ይከድናል። ግን ይኮመጥጣል፣ ይሸታል፣ ከሁሉም በላይ እኔ የከደንኩት ባዶ ድስት ነበር።

ሳሙናን ካነሣሁ አይቀር ልጨርሰው። ሳሙና ስብ ፈቺ ነው፤ ሥራው ነው። የሳህኑን ስብና የቆዳችሁን ስብ ለይቶ አያውቅም። ያን በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ ያጥባል፣ ካቡ ይላላል፣ ውኃ ይወጣል። ትኩስ ውኃ ሲጨመርበት ይብሳል፤ ቅቤ የነካውን ዕቃ በሙቅ ውኃ የምታጥቡት ለምን እንደሆነ አስቡ። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ተራው ደረቅ ሳሙና ግን ተቃራኒው ነው። እዚህ ላይ «ውኃ ያለሰልሳል ብለሽ አሁን ደግሞ መታጠብ ያደርቃል ትያለሽ» የምትሉኝ አላችሁ፤ ትክክል ናችሁ። ውኃ ያለ ክዳን ሌባ ነው። እጅ ታጥቦ ሳይቀባ አየር ላይ ሲደርቅ፣ የገባው ውኃ ሲወጣ የነበረውንም ይዞ ይወጣል። ቀን 30 ጊዜ የሚታጠብ ሰው ቀን 30 ጊዜ ይዘረፋል።

እንግዲህ እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን እንጀራችን ከመታጠብ ጋር የተያያዘ ነው። ነርሶች፣ አስታማሚዎች፣ ምግብ ቤት የምትሠሩ፣ በየሕንፃው የምታጸዱ፣ ቤታችሁ ሊጥ የምታቦኩና እንጀራ ጋግራችሁ የምትሸጡ። አትታጠቡ ልላችሁ አልችልም። ለብ ባለ ውኃ ታጠቡ፤ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና ምረጡ፤ አትፈግፍጉ፣ ፎጣውን ተጫን ተጫን አድርጉት። ቀለበታችሁን አውልቁ፤ ሳሙና ከሥሩ ተደብቆ ስለሚቀር የብዙ ሰው ቁስል የሚጀምረው ከጋብቻ ቀለበት ሥር ነው፤ ባሎቻችሁ ቢጠይቋችሁ ነርሷ ነች በሏቸው። እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ፣ የአልኮል ሳኒታይዘር ከሳሙና ይልቅ ቆዳን ይምራል። ይህን ስል ፊታችሁን አጨፈገጋችሁ። ስንጥቅ ላይ ያቃጥላል፣ እውነት ነው፤ ማቃጠሉ ግን ስንጥቁ አስቀድሞ መኖሩን ይነግራችኋል እንጂ አዲስ ጉዳት አይደለም። ሳሙና ግን ሳያቃጥል ይዘርፋል። ተቅማጥ ያለበትን ሰው ስታነሡ ብቻ በሳኒታይዘር አትመኑ፤ እዚያ ሳሙናና ውኃ ግድ ነው።

ስለ ጓንት ልንገራችሁ፤ ታሪኩን ስለምወደው። ሐኪሞች ሲቀድዱ የሚያጠልቁት የጎማ ጓንት በሽተኛውን ከጀርም ለመጠበቅ የተፈለሰፈ ይመስላችኋል። አይደለም፤ የተፈለሰፈው ለአንዲት ነርስ የቆሰለ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1890 መካከል በነበረው ክረምት፣ ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ የነበረችው ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን በሜርኩሪ መድኃኒት ውኃ እየታጠበች እጇና ክንዷ ቆሰለ። ሥራውን ልትተው ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ የጉድይርን የጎማ ኩባንያ ስስ የጎማ ጓንት እንዲሠራለት ጠየቀ። ጓንቱ መጣ፣ እጇ ዳነ፣ ሰኔ 1890 ላይ ተጋቡ። በሽተኞች ቁስላቸው ማመርቀዙ መቀነሱ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። የነርስ እጅ መሰንጠቅ ተራ ነገር ነው የሚላችሁ አለቃ ካለ ይህን ንገሩት።

ሳህን ስታጥቡ፣ በበረኪና ስታጸዱ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ስትከትፉ የጎማ ጓንት አድርጉ፤ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ብትጨምሩ ላቡን ይጠጣል። ውስጡ የረጠበ ጓንት ከጓንት አልባነት ይብሳል፤ ቀይሩት።

ወደ መቀቢያው ልመለስ። ገበያው በቀለም ሞልቷል፤ እኔ ግን ደሞዝ የሚከፍለኝ የቅባት ኩባንያ ስለሌለ እውነቱን ልናገር እችላለሁ። ለክረምት እጅ ከቫዝሊን የሚበልጥ ክዳን እምብዛም የለም፤ ርካሽም ነው። ታሪኩም የወዛደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮበርት ቺዝብሮ የሚባል ወጣት ኬሚስት ፔንሲልቬንያ ውስጥ ወዳለው የነዳጅ ጉድጓድ ሄደ። ሠራተኞቹ ከመቆፈሪያው ዘንግ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግራቸውን ዝልግልግ ነገር እየረገሙ፣ እጃቸው ሲቆረጥና ሲቃጠል ደግሞ እርሱኑ ይቀቡ ነበር። ቺዝብሮ ወስዶ አጣራውና በ1872 የባለቤትነት ፈቃድ አወጣበት። በየቀኑ አንድ ማንኪያ እበላለሁ ይል እንደነበር ይነገራል፤ በ1933 ሲሞት 96 ዓመቱ ነበር። እናንተ ግን እጃችሁን ቀቡበት እንጂ አትብሉት።

በፓምፕ እየተጫነ የሚወጣው ቀጭን ሎሽን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ለሙቀቱ ወራት ይሁን። ማሰሮ ወይም ቱቦ ውስጥ ያለውን ወፍራሙን ፈልጉ። ግሊሰሪን አገር ቤት በየፋርማሲው የምንገዛው ወዳጃችን ነው፤ እርሱ ክዳን ሳይሆን ውኃ ጠሪ ነው። ነገር ግን ሳይበረዝ ብቻውን ብትቀቡትና አየሩ ደረቅ ቢሆን፣ ከአየሩ የሚጠራው ስለማያገኝ ከቆዳችሁ ውስጥ ይጠራል። በውኃ አቅጥኑት፣ ከላይ ቫዝሊን አድርጉ። መዳፋቸው ወፍሮ ለደነደነ ዩሪያ ያለበት ክሬም፣ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚለው፣ ድንጋዩን ያለሰልሳል፤ የደማ ስንጥቅ ላይ ግን ያስጮኻል፣ ስንጥቁ ይዳን በመጀመሪያ። ከወጥ በኋላ ሽታ ለማጥፋት ሎሚ የምታሹ፣ ተዉት። ሎሚና ጤና አዳም ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ካገኛቸው እንደ እሳት ያቃጥላሉ፤ የበረዶ ላይ ፀሐይ ደግሞ ቀላል አይደለችም። ስም የሌለው፣ ከሻንጣ የወጣ፣ «ያቀላል» የተባለ ቱቦ እጃችሁ ላይ አታድርጉ። ሜርኩሪ ያለባቸው ተገኝተዋል፤ ስቴሮይድ ያለባቸው ደግሞ ቆዳን ያሳሳሉ፤ የሳሳ ቆዳ መልሶ ይሰነጠቃል።

የማታውን ሥርዓት አለርት እንዳስተማረኝ እነግራችኋለሁ። ከመተኛታችሁ በፊት እጃችሁን ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ 15 ወይም 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ ዜና እያያችሁ ይሆናል። ስታወጡት ፎጣውን ዳሰስ ብቻ አድርጉበት፤ እርጥበቱ እያለ፣ አየሩ ሳይቀድማችሁ፣ ቫዝሊኑን ሳትሰስቱ ለብጡት። ስንጥቅ ካለ ቫዝሊን ሙሉበትና ፕላስተር ጠቅልሉበት። የጥጥ ጓንት አጥልቃችሁ ተኙ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሌሊት ሳቀብኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት የእርሱን ጓንት ጠየቀኝ። ታገሡ፤ ቆዳ ከሥሩ ተነሥቶ እስኪተካ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በሦስት ቀን ተስፋ አትቁረጡ። ቀን ደግሞ በታጠባችሁ ቁጥር ትንሽ ቅቡ። የመኝታ ቤታችሁን እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ መካከል አድርጉት፤ እርጥበት መለኪያው ርካሽ ነው። ከዚያ በላይ ካለፈ መስኮቱ ያልበዋል፣ ሻጋታም ይከተላል።

ሐኪም የሚያስፈልግበትም አለ። በአንድ እጅ ብቻ የሚቀረፍና ከእግር ጣት መላጥ ጋር የመጣ ድርቀት ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ቫዝሊን አይፈውሰውም። ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶችና እንቅልፍ የሚነሣ ማሳከክ ኤክዚማ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ጣታችሁ በብርድ እንደ ኖራ ነጥቶ ከዚያ የሚጠቁር ከሆነ ነገሩ ከቆዳ ሳይሆን ከደም ሥር ነው። መግል፣ ትኩሳት፣ ወደ ክንድ የሚወጣ ትኩስ እብጠት ካለ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ከዚያም ቀድማችሁ። የሚደነዝዝ፣ መርፌ የማይሰማው የቆዳ ክፍል ካለ አትደብቁት፤ ሥጋ ደዌ ዛሬ በእንክብል የሚድን በሽታ ነው። እዚህ አገር ሐኪም ስታዩ አንድ ነገር በሏቸው፦ መጽሐፋቸው ላይ የቆሰለ ቆዳ ቀይ ነው፤ የእኛ ቆዳ ግን ሲቆጣ ይጠቁራል ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል እንጂ አይቀላም። «ቀይ አይደለም፣ ምንም የለብህም» ቢሏችሁ አትመለሱ።

ጨርሻለሁ። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንዳንድ ቫዝሊን አለ፤ ወንዶችም ውሰዱ። ውጭው አሁን ከዜሮ በታች 14 ነው ብለውኛል። ጓንታችሁን መኪናው ጋ ስትደርሱ ሳይሆን እዚሁ፣ በሩ ሳይከፈት አጥልቁ።